ያሸነፈ ጫማ አይታጠብም

ጆስ ሞንሲ ያገባው ማክሰኞ ቀን ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ነበረ፤ እሑድ ከጨዋታ የተረፈ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ሰኞ ደግሞ የበግ ገበያ ነው። ሙሽራዋ ሄስተር ይህን ስትሰማ አልተከፋችም። እሷም የዚሁ ተራራ ልጅ ናት። የገዛ እናቷ ሠርግ ሐሙስ የዋለው የአባቷ አፍንጫ ቅዳሜ ተሰብሮ እብጠቱ እስኪቀንስ ሲጠበቅ ነው። እኛ ዘንድ ራግቢ፣ ያ ኳስ ታቅፎ የሚሮጥበት ጨዋታ፣ እንዲህ ነው። ሌላው አገር ቀኑን በእሑድ ይቆጥራል፣ እኛ በቅዳሜ እንቆጥራለን፤ ቄሳችንም ይህን ስለሚያውቅ ቅዳሜ ሰው እንዳይሞትበት ነው የሚጸልየው።

ጆስ አጭር ሰው ነው። አንገቱ የት እንደሚያልቅና ትከሻው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ያስቸግራል፤ ጆሮዎቹ ተጨማድደው የደረቀ እንጉዳይ መስለዋል። ይህ ከፊት ረድፍ መሐል የሚቆም ሰው ምልክት ነው። ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ ሲገፋፋ፣ መሐል ያለው ሰው ሁለት እጆቹን በጎረቤቶቹ ጫንቃ ላይ አድርጎ ይንጠለጠላል። የያዙት እነሱ ናቸው። ቢለቁት የሚቀጨው አንገቱ ነው። ጆስን በግራ በኩል ሃያ ዓመት ሙሉ የያዘው ዊልፍ ቲስዴል ነበር፤ የወዲያኛው ሸለቆ ገበሬ፣ እንደ በር ሰፊ፣ ሥራው ዝግ ያለ፣ አፉ ግን የማያርፍ። በሃያ ዓመት አንድም ቀን አልለቀቀውም። ወንድማማች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከእናቱ ልጅ ጋርማ ጆስ በአንድ ውሻ ምክንያት ተኳርፎ እስከ ዛሬ አልታረቀም።

ቡድኑ አምስቱ ሸለቆ ይባላል። ከአምስት ሸለቆ የተውጣጣ፣ ከበግ አርቢ በቀር ሌላ ሰው እምብዛም የማይገኝበት፣ ላንድም ሰው ቤሳ ቤስቲን ከፍሎ የማያውቅ ቡድን ነው። ከጨዋታ በኋላ ትኩስ የሥጋ ፓይና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቢራ፣ በቃ። አጀማመሩን የሚያወሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ድሮ የአምስቱ ሸለቆ እረኞች ብርድ ሊገባ ሲል ኦርቤክ ወንዝ ዳር ተሰብስበው የጠፉባቸውን በጎች ይለዋወጣሉ፤ ተለዋውጠው ሲያበቁ ይጠጣሉ፤ ጠጥተው ሲያበቁ ይደባደባሉ። አንድ ዓመት አንድ ቄስ መሐላቸው ኳስ ጣለና ድብድቡን ጨዋታ አደረገው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ይወቀው። እውነቱ ግን ሜዳ አልነበራቸውም፤ የወንዙ ዳር ረግረግ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ከገዛ መሬቱ ሣሩን ከነሥሩ ከነአፈሩ በአካፋ ቆርጦ፣ ጓሉን ተሸክሞ መጣ። ረግረጉን በጓል በጓል ሞሉት።

ልማዱ በዚያው ቀረ። በየዓመቱ ከባሕር ዳርቻው ቡድን ጋር ትልቁ ግጥሚያ ሊደርስ ሲል እያንዳንዱ ተጫዋች ከእርሻው አንድ ጓል ቆርጦ ያመጣል፤ የተቀደደው ሜዳ በሱ ይጠገናል። የገዛ መሬቱን እግሩ ሥር ያነጠፈ ሰው አይሸሽም ይባላል። ለገንዘብ ወደሚጫወቱት ዘንድ የኮበለለ ሰው ደግሞ ጓሉ ተቆፍሮ ወንዝ ይጣልበታል። በጆስ አጎት በሃርትሊ ደርሷል። ጆስ ያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ አካፋውን ይዞ የወንድሙን ጓል የቆፈረው ራሱ አባቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሃርትሊ ስም በቤቱ ተነስቶ አያውቅም።

ሌላም ልማድ ነበረ። የባሕር ዳርቻዎቹን ያሸነፈ ሰው ጫማውን አያጥብም። ከነጭቃው በረት ውስጥ ይሰቅለዋል፣ እስከሚቀጥለው ጨዋታ ዕድሉ አብሮት እንዲቆይ። በጆስ በረት፣ ከሁለቱ ላሞች ገለባ በላይ፣ አያቱ የመታው ምስማር ነበረ። የአያቱም የአባቱም ጫማ እዚያ ተንጠልጥሎ ከርሟል። ጆስም ባሸነፈ ቁጥር እዚያው ነው የሚሰቅለው።

ሰውየው ከራግቢ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ በጎቹ። በግ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። እዚህ ተራራው አጥር የለውም። በጎቹ ድንበራቸውን የሚያውቁት ከእናታቸው ነው፤ እናት ግልገሏን ይዛ እስከዚህ ቋጥኝ፣ እስከዚያ ምንጭ እያለች ታስተምራለች፤ ግልገሏም ስትወልድ ለልጇ ታስተምራለች። ከቅድመ አያቱ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዕውቀት ነው። እነዚያ በጎች ካለቁ ሌላ በግ መግዛት ይቻላል፤ ተራራውን የሚያውቅ በግ ግን ከየትም ገበያ አይገዛም። መንጋውን የምትመራው አንዲት ያረጀች ግራጫ ነበረች፤ ሄስተር እሜቴ ብላ ስም አወጣችላት፤ አካሄዷ የባላባት ሚስት አካሄድ ነበርና። ጆስ ከበታች ቆሞ ሲያፏጭ ቀድማ የምትወርደው እሷ ናት፤ የቀሩት ይከተሏታል።

የዚያን ዓመት ብርድ ክፉ ነበር። ዝናቡ ከገና ጀምሮ አላባራም። አንድ ቀን ሬዲዮው፣ ከደቡብ፣ ከእርድ ቤት፣ አሳማዎች ላይ አፍተግር ተገኘ አለ። ሽማግሌዎቹ ቢራቸውን አስቀምጠው ተያዩ። እነሱ ከዚህ በፊት የገባበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ይህ በሽታ በነፋስ ይሄዳል፣ በጎማ ይሄዳል፣ በሰው ጫማ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ከብቱ ታሞ የማይሞት እንኳ ቢሆን መንግሥት መጥቶ ሁሉንም ይገድላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ግጥሚያው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሄስተር ከግጦሽ ተመለሰችና ቦቲዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች።

«እሜቴ ታነክሳለች» አለችው።

«ይኼ ሁሉ ጭቃ እያለ የማታነክስ በግ ካየሽ ጥሪኝ» አለ ጆስ።

«ሬዲዮውን ሰምተሃል።»

«ሬዲዮው ስለ አሳማ ነው የሚያወራው። ያውም ደቡብ። አሳማ አለን እንዴ እኛ?»

«ጆስ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ለዶክተር ሬልፍ ደውል።»

ጆስ ቢደውል ምን እንደሚመጣ ያውቀዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ጥርጣሬ ብቻ ከሰማ በሩን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ጊቢ ማንም አይወጣም። አምስቱ ሸለቆ ደግሞ በዚያ ዓመት የቀሩት ተጫዋቾች ልክ አሥራ አምስት ነበሩ። ወጣቱ ከተማ ሄዷል። ከገና በፊት አንዴ ሰው ጎድሎባቸው ሳይጫወቱ ቀርተዋል፤ ሁለተኛ ከቀሩ ከውድድሩ መሰረዝ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ቡድን፣ በእሱ አምበልነት፣ በአንዲት በሚያነክስ በግ ሊሰረዝ። ይህን ለአባቱ መቃብር ምን ብሎ ይነግረዋል?

ወጣና እሜቴን ያዛት። እግሯን አነሳ። ሰኮናዋ መሐል እርጥብና ነጭ ነበር፤ ይሸታል። የሰኮና መበስበስ ሽታ ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ ያሸተተው ሽታ። ለቀቃት። አፏን ግን አልከፈተም። አፍተግርን ከተራ ሕመም የሚለየው አፍ ውስጥ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል መሆኑን ያውቃል፤ እጁም እዚያው አጠገቧ ነበር። አልከፈተም። ካላዩት የለም፣ ነገሩ ይኸው ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ የተሻለ አናደርግም ነበር፤ አደርግ ነበር የሚል ካለ በዚያ ሳምንት የበጎቹን አፍ እየከፈተ ያየ ይምጣና ያውራ።

ጓሉን ሲቆርጥ ግን ሄስተር በመስኮት አየችው። ድሮ የሚቆርጠው ከበጎቹ ግጦሽ ነበር። ዘንድሮ ከቤቱ ጀርባ፣ በግ ረግጦት ከማያውቀው ከልብስ ማድረቂያው ሥር ቆረጠ። አካፋውን አስቀድሞ በፈላ ውሃ አጠበው። ባሏ አካፋ ሲያጥብ አይታ አታውቅም። ምን እንደፈራ ከአፉ ባይወጣም አካፋው ነገራት።

ቅዳሜ ጉም ወንዙ ላይ ተኝቶ ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ጓላቸውን ተሸክመው መጡ፤ የተቀደደው ቦታ ላይ እያስቀመጡ በተረከዛቸው ረገጡት። የባሕር ዳርቻዎቹ አውቶቡስ ሲደርስ ሾፌሩ ቀድሞ ወረደና በሩ ሥር በሽታ በሚገድል ኬሚካል የራሰ ጭድ አነጠፈ፤ የሚወርዱት ሁሉ ጫማቸውን እሱ ላይ እየጠረጉ ወረዱ። የኛዎቹ ሳቁ።

«ምንጣፍ ተነጠፈላቸው እኮ!» አለ ዊልፍ። «ንግሥቲቱ መሐላቸው አለች እንዴ?»

ጆስም ሳቀ። ዓይኑ ግን ጭዱ ላይ ቀረ።

የዊልፍ ጓል ከሁሉም ጥቁርና እርጥብ ነበር። ከሜዳው ወዲያ ጫፍ፣ መስመሩ አጠገብ፣ ትልቁ ጉድጓድ ላይ ጣለውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«በዚህ ሳምንት ከገበያ ያመጣኋቸው አዳዲስ በጎች ግጦሼን ሁሉ አቦክተውታል» አለ። «ንጹሕ ሣር አጥቼ ከበረቱ ደጃፍ ነው የቆረጥኩት። በጠጡን እንደ ምርቃት ቁጠሩልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ጆስ ወደ ጎን ጎተተው።

«ዊልፍ፣ አሮጊቷ በጌ ታነክሳለች።»

«የኔም ሚስት ታነክሳለች፣ ዶክተር አልጠራሁላትም።»

«የምሬን ነው።»

ዊልፍ አየው። ከዚያ ያን ሰፊ መዳፉን የጆስ ማጅራት ላይ ጣለ። «ጨዋታው ይለቅና ሰኞ አብረን እናያታለን» አለው። «አሁን ጭንቅላትህን ስጠኝ፣ ልያዝልህ።»

ስለ ጨዋታው ብዙ አላወራም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ አይገባውም። ጭቃ ነበር። ኳሱ የታየው ጥቂት ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ በወዲያኛው ጫፍ መስመሩ አጠገብ ዳኛው ያን የስምንት ለስምንት ግፊያ ሰጠ። ዊልፍና ጆስ የቆሙት የዊልፍ ጓል ላይ ነው። ገፉ። ጓሉ ከእግራቸው ሥር ተፈረካከሰ፣ ጆስ በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ አፉ በአፈር ተሞላ፣ የቀሩት ሰባቱ በላዩ ላይ እየተንፏቀቁ መስመሩን አለፉ። አሸነፉ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። አምስቱ ሸለቆ ለአንድ ዓመት ተርፏል። ጆስ አፈሩን ሲተፋ ከልቡ ይስቅ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት እሜቴ ትዝም አላለችው።

ቤቱ ሲገባ ሄስተር ውሃ አሙቃ ባልዲ ይዛ ጠበቀችው።

«ጫማህን ስጠኝ።»

«አሸነፍን እኮ።»

«ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጫማህን ስጠኝ።»

«ያሸነፈ ጫማ አይታጠብም፣ ሄስተር። አባቴ አላጠበም፣ አያቴ አላጠበም።»

«አባትህና አያትህ ሬዲዮ አልነበራቸውም።»

«ሬዲዮ ነበራቸው።»

«እንግዲያው ሚስት የሚሰሙበት ጆሮ አልነበራቸውም፤ አንተም ጆሮህ እንደምታየው ነው።»

ሳቁ፤ ሁለቱም። ሳቁ ነው ያጠፋን ትላለች ሄስተር እስከ ዛሬ፤ ተቆጥቼ ብሆን ኖሮ ይሰማኝ ነበር። ጆስ ጫማውን ይዞ በረት ገባና ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ጭቃው ጠብ ጠብ ሲል ትልቋ ላም ቀና ብላ አየችና ገለባዋን መብላት ቀጠለች። ሰውየው ወደ ሜዳው ስለሚወስደው ነገር አስቦ አካፋ በፈላ ውሃ አጥቧል። ከሜዳው ስለሚያመጣው አላሰበም።

ሰኞ ዊልፍ አልመጣም። ማክሰኞም። በማግሥቱ ስልኩ ጮኸ፤ የዊልፍ ሚስት ናት። አላለቀሰችም። «ጆስ፣ ወደዚህ እንዳትመጣ» አለችው። «አዲሶቹ በጎች ናቸው። ነጭ የለበሱት የመንግሥት ሰዎች ጊቢያችን ውስጥ ናቸው። ዊልፍ ከበረቱ አልወጣም ብሏል።»

ጆስ ስልኩን አስቀመጠና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አዲሶቹ በጎች ያለችውን ጆሮው አልሰማም፤ የሰማው እሜቴን ነው። እኔ ነኝ፣ አለ በሆዱ። እኔ ነኝ ወስጄ የሰጠሁት። ትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጉንጬን ጉንጩ ላይ ለጥፌ። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላም። በጊቢው ሲዞር ዋለ፤ እሜቴን ከሩቅ እያያት፣ ለመቅረብ እየፈራት። በማግሥቱ ጠዋት ራሱ ለዶክተር ሬልፍ ደወለ። ከዓርብ ጀምሮ እንደምታነክስ፣ አይቶ እንዳላየ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገረው። ዶክተሩ «መጣሁ» ብሎ ዘጋ።

ዶክተር ሬልፍ ሲመጣ በሩ ላይ ነጭ ልብስ ለበሰና ቦቲውን በኬሚካል አጠበ። ሽማግሌ ነው፤ ጆስን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ በጉልበቱ ዘመን ለአምስቱ ሸለቆ በክንፍ ተጫውቷል።

«ዊልፍን አዩት?» አለ ጆስ።

«እዚያ የገባ ሐኪም እዚህ አይመጣም፣ ልጄ። ሌሎች ናቸው ያሉት።»

እሜቴን በረት አስገቧት፤ ጆስ በጉልበቱ መሐል ይዞ አፏን ከፈተ። አሁን ከፈተው። ዶክተሩ በባትሪ አየ። ድዷን በጣቱ ዳሰሰ፣ ምላሷን ሳብ አድርጎ አገላብጦ አየ። ከዚያ አራቱንም እግሯን አየ። ሄስተር በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። ላሞቹ ገለባቸውን ሲያመነዥኩ ብቻ ይሰማል።

«ንጹሕ ናት» አለ ዶክተሩ። «የሰኮና መበስበስ ነው። አፏ እንደ ግልገል አፍ ነው። ሌሎቹንም አያለሁ፤ ግን ይቺ አፍተግር የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም።»

ጆስ በጊቱን ለቀቀና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን የሚያህል ወፍራም ሰው አለቀሰ።

«እኔ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር» አለ። «ለዊልፍ እኔ የሰጠሁት መስሎኝ።»

«አንተ ለማንም ምንም አልሰጠህም። ዊልፍ ከገበያ ነው ያመጣው።» ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀና ወገቡን ለማቃናት ቀና አለ። ቀና እንዳለ ቀረ።

ሄስተር ዓይኖቹን ተከትላ አየች። ምስማሩ ላይ ጫማው ተንጠልጥሏል። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግማሹ ረግፏል። ከሥሩ ገለባው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተበትኗል፤ ትልቋ ላም ከዚያው ላይ ጎረሰች።

«የመቼ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«የቅዳሜ» አለች ሄስተር፤ ጆስ ገና ቀና አላለም ነበር።

«ዊልፍ ጓሉን ከየት ቆረጠ?»

ጆስ እጁን ከፊቱ አወረደ። ዶክተሩን አየ፣ ጫማውን አየ። የጭቃው ጣዕም አፉ ውስጥ ተመልሶ መጣበት።

«ከበረቱ ደጃፍ» አለ።

ዶክተር ሬልፍ ቆብ ቢኖረው ለቅሶ እንደ ገባ ሰው ያወልቀው ነበር። እሱም በዘመኑ እንዲህ ሰቅሏል፤ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አላስፈለገውም። «አሁን አትንካው» አለ ቀስ ብሎ። «ገለባውን አውጣና አቃጥለው። ማንም ከዚህ እንዳይወጣ። ላሞቹን ጠዋት ጠዋት እያቸው። ከብት ከበግ ይልቅ ቶሎ ያሳያል። ምናልባት ምንም አይመጣ ይሆናል፣ ጆስ።»

ምናልባት ያለውን ማንም አላመነውም፤ ራሱም።

ጆስ ገለባውን አቃጠለ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሄስተር በየማለዳው ቀድማ ትነሳለች፤ ጆስ አልጋው ላይ ዓይኑን ገልጦ የበረቱ በር ሲከፈት ያዳምጣል። ስትመለስ በእርምጃዋ ያውቀዋል፤ ፈጠን ካለች ደህና ናቸው። ከመንገዱ ወዲያ፣ ከዊልፍ ሸለቆ በኩል፣ ጥቁር ጢስ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ ከሌላው ሸለቆ ወጣ። የማን እርሻ እንደሆነ ሲጠየቅ የቡድኑ ተጫዋች ነው፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ሁሉም አሸናፊ ነበሩ፣ ሁሉም ጫማቸውን ሰቅለዋል።

አንድ ማለዳ ሄስተር ከበረት አልተመለሰችም። ጆስ ጠበቀ፣ ከዚያ ሱሪውን ለብሶ ወረደ። ትልቋ ላም ራሷን ደፍታ ቆማለች፤ ገለባዋን አልነካችም። ከንፈሯን እየመጠጠች ነው፤ ከአፏ እስከ መሬት ለሃጭ ተዘርግቷል። ሄስተር ግንባሯን ከላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ቆማለች።

«አየኸው?» አለችው፣ ዞር ሳትል።

«አየሁት።»

ነጭ የለበሱት ሰዎች በዚያው ቀን መጡ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ባለጌ ቢሆን ይሻል ነበር። ላሞቹ እዚያው ናቸው፤ በጎቹ ግን ተራራ ላይ ናቸው፤ እንግዳ ሰው ቢወጣባቸው ይበተናሉ። ደንቡም አንድ ነው፣ በአንድ ጊቢ አንዱ ከታመመ ሁሉም ይሄዳል። አለቃቸው ቆቡን እያሻሸ ጆስ ዘንድ መጣ።

«አቶ ሞንሲ፣ ማውረድ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ።»

ጆስ ከበታች ቆመ። ከንፈሩ ደርቆ ፉጨቱ መጀመሪያ አልወጣለትም። ከንፈሩን ላሰና እንደገና ሞከረ። ከላይ ከጉሙ ውስጥ እሜቴ ብቅ አለች። እያነከሰች፣ የታመመውን እግሯን እያነሳች እየጣለች፣ ቀጥታ ወደ እሱ ወረደች። ከኋላዋ ሁሉም፤ እርጉዞቹ፣ ጠቦቶቹ፣ አንዷም ሳትቀር። ማንም አልነዳቸውም። ስለጠራቸው መጡ። እሜቴ በረቱ በር ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመችና ኪሱን አሸተተች፤ ሁልጊዜ ብስኩት ይሰጣታል። ያን ቀን ኪሱ ባዶ ነበር።

«ጥሩ እረኛ ነዎት» አለው አለቃው። ሰውየው ደግ ሊናገር ብሎ ነው። ጆስ ቢሰድበው ይመርጥ ነበር።

ጫማውንም ከተገደሉት በጎችና ላሞች ጋር አቃጠሉት። ምስማሩን ሄስተር በጉጠት ነቀለችው።

ያን የጸደይ ወራት ሸለቆዎቻችን ውስጥ የበግ ድምፅ አልነበረም። ይህን ያልሰማ ዝምታ አያውቅም። ግልገል የሚወለድበት ወር መጥቶ ሲያልፍ ሰዎች ማለዳ በልማድ ተነስተው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይመለሳሉ። አምስቱ ሸለቆ ተሰረዘ ብሎ የወሰነ ማንም የለም። ሜዳው ላይ ኖራ ተነሰነሰበት፣ በሩ ተቆለፈ፣ በቀጣዩ መከር የጨዋታው ወቅት ሲደርስ አሥራ አምስት ሰው አልተሰበሰበም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም ጣልን።

በዚያ መከር ዊልፍ ወደ ጆስ ጊቢ መጣ። ቀጥኗል፤ ሱሪው ሰፍቶታል። በር ላይ ቆመ። ቀልድ አላመጣም።

«ጓሉ የኔ ነበር» አለ ዊልፍ።

«ጫማው የኔ ነበር» አለ ጆስ።

ከዚያ ሄስተር ሻይ አመጣችላቸውና ስለ ዝናቡ አወሩ። ሲሄድ ዊልፍ ያን መዳፉን እንደ ድሮው ማጅራቱ ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሳው።

ጆስ በጎች ገዝቷል። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ሥጋቸው ደህና ነው፣ ጸጉራቸው ደህና ነው፤ ተራራውን ግን አያውቁትም። ጠዋት የለቀቃቸው ማታ የሰው ግጦሽ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ እሱ ራሱ ድንበሩን በእግሩ ይዞራል፤ እስከዚህ ቋጥኝ፣ እስከዚያ ምንጭ እያለ፣ በዝናቡም በውርጩም፣ እሜቴ ትሠራው የነበረውን ሥራ እየሠራ። እነዚህ ግልገል ወልደው፣ ግልገሎቹም ወልደው እስኪማሩ ድረስ ይህ አያልቅም፤ ያን ጊዜ እሱ በሕይወት አይኖርም፤ ያውቀዋል። ቅዳሜም ይወጣል። ሄስተር ቅዳሜ እንኳ እረፍ ብላው ታውቃለች፤ አሁን ትታዋለች።

ከላይ ከድንበሩ ጫፍ ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንም የማያጭደው ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጓል፤ ከሸለቆው ሁሉ እንደዚያ አረንጓዴ የሆነ የለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የየቤታችን አፈር የተነጠፈበት መሬት ነዋ። በጎቹ ከሩቅ ያዩታል። በተለቀቁ ቁጥር ወደዚያው መውረድ ይጀምራሉ። ጆስ ቀድሟቸው ይወርድና እነዚያን አጫጭር እጆቹን ዘርግቶ መንገዳቸው ላይ ይቆማል፤ ግራና ቀኙን የሚይዘው ሰው የለም።

«እዚያ አይደለም» ይላቸዋል። «ተመለሱ። እዚያ የእናንተ አይደለም።»